የከሊል በራድ

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ማን ምን እንደሚጠጣ አይደበቅም ብለን እናምን ነበር። ጠጅ ቤቱ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ የአየለች አረቄ ቤት ከጠጅ ቤቱ ጀርባ ነው። ከዚያ የሚወጣ ሰው ወደ ግራ ቢታጠፍ ቀበሌ፣ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ገበያ ነው፤ በየትም ቢዞር ከሚያውቀው ሰው ጋር ይጋጫል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ከሊል ዓመታት ሙሉ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ እያየነው አረቄ ጠጣ። አንዳችንም አላወቅንም። ይህን ታሪክ ባወራን ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያናድደን ይኸው ነው።

ከሊል የስልጤ ነጋዴ ነው። ጨርቅ፣ ሳሙናና ቅመማ ቅመም የሚሸጥበት ሱቅ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነበር። ሚስቱ ዙለይኻ ከሞተችበት በኋላ ሌላ አላገባም፤ ኩብራ የምትባለውን ልጁን ይዞ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ይኖራል። ሰው አክባሪ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሰላት የማያስታጉል ሰው ነው። ከሱቁ ደጃፍ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በራድና አንዲት ትንሽ ብርጭቆ አይጠፉም ነበር። ከሊል ሻይ ነፍሱ ነው እንላለን። ስኳር በቀበሌ ራሽን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ይህን ሁሉ ሻይ የሚጠጣ ሰው ስኳሩን ከየት ያመጣል ብለን አምተነውም እናውቃለን።

በራዱ ውስጥ ያለው ግን የአየለች አረቄ ነበር። አየለች በጓሮ በር በኩል ትሞላለታለች፤ እሱ መልኩ እንዲቀላ ጥቂት ሻይ ጠብ ያደርግበታል። ከዚያ ቅርንፉድ እያኘከ ይውላል። መግሪብ ሲደርስ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ሌላ ቅርንፉድ ጎርሶ መስጊድ ይሄዳል። ጎኑ የሚቆሙት ሰዎች ከሊል ጥሩ ጥሩ ይሸታል ይሉ ነበር።

ኃይለገብርኤል ደግሞ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ወደ ሐረር መውጫ ባለው ጋራዥ መካኒክ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ የጭነት መኪና ሊጠግን ግንባር ወርዶ ተመለሰ፤ ከተመለሰ በኋላ ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እጁን ለማቆም ይጠጣል፤ በነጋታው እጁ ይብስበታል። ከሰዓት ጫት ይቅማል፤ ሲመሽ ምርቃናውን መስበሪያ ብሎ አየለች ዘንድ ይሄዳል። ቦይ ውስጥ ወድቆ ያነሳነው እኛ ነን። ሚስቱን ደስታነሽን «ነይ ውሰጂው» ብለን ያስጠራናትም እኛ ነን። ከሊልን እያከበርን እሱን መናቃችን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ ጋን ነበር።

ሁለቱ የተገናኙት አሰቦት ገዳም ጠበል ዘንድ ነው። ኃይለገብርኤልን ደስታነሽ አልቅሳ፣ ለምና፣ በመጨረሻ አውቶቡስ ላይ ገፍታ ወደ ጠበሉ ላከችው። ከሊል ደግሞ «ለዕቃ መኢሶ እወርዳለሁ» ብሎ ለልጁ ነግሮ ሄደ። ጠበሉ ዘንድ የእስላም መምጣት ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ የዚህ ሰው መምጣት ነው። አንድ ጠዋት ነጠላ ተከናንቦ ተራ ሲጠብቅ ኃይለገብርኤል አየው።

«ወሪያ ከሊል! እዚህ ደግሞ ምን ልትሸጥ መጣህ?»

ከሊል ሊዋሽ አስቦ ነበር። ሳሙና ልሸጥ ነው ልበል ብሎ ነበር፤ በኋላ ራሱ እንዳወራው። ግን ደከመው።

«አንተ የምትጠጣውን ነው የምጠጣው» አለው።

ኃይለገብርኤል ሆዱን ይዞ ሳቀ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ሳቀ። ከዚያ ከሊል ጠበል የያዘበትን ጣሳ ወደ አፉ ሊያነሳ ሲሞክር ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ኃይለገብርኤል የከሊልን እጅ አየ፣ የራሱን እጅ አየ፣ ሳቁንም አቆመ።

ከጠበሉ ተመልሰው ምን እንደሚያደርጉ የነገራቸው ሰው የለም። ቄሱ ጸልይ ይላል፤ የሆስፒታሉ ድሬሰር ጉበትህን ጠብቅ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ችግሩ ያለው ከቀትር በኋላ ካለው የአስር ሰላት እስከ ምሽቱ መግሪብ ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ። እግር ራሱ መንገዱን ይዞ አየለች ቤት የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ አብረው ሊቀመጡ ተስማሙ። ኃይለገብርኤል ከጋራዥ ሲወጣ ቀጥ ብሎ የከሊል ሱቅ ይመጣል። ከሊል ከሳሙና ካርቶን ጀርባ የዳማ ሰሌዳ ያወጣል። ጠጠሮቻቸው የቢራ ቆርኪ ናቸው፤ አንደኛው ቆርኪውን ገልብጦ፣ አንደኛው ደፍቶ ይጫወታሉ።

አንድ ሕግ ብቻ አወጡ። መጠጥ ያማረው ሰው «መጣብኝ» ይላል። ሌላኛው አይመክረውም፣ አይቆጣውም፣ ስለ ልጅና ስለ ትዳር አያነሳበትም። «ተጫወት» ብቻ ይለዋል። የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ማንም ከሰሌዳው አይነሳም። በዚህ መካከል ዳማ እንዴት ያለ ጠብ እንዳስነሳ መናኸሪያ የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ ኃይለገብርኤል ያታልላል፣ ከሊል ደግሞ አንዱን ጠጠር ለማንቀሳቀስ ሰው ያስረጃል።

በራዱ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አቧራ ጠጣ። ከሊል ቅርንፉዱንም አብሮ ተወው። የሚደብቀው ሽታ ከሌለው ለምን ያኝካል? ጥርሱ ሰልችቶታል።

ያ ዓመት ለከሊል መልካም መስሎ ነበር። ኩብራ ለሂርናው ነጋዴ ለሐጂ ዓሊዩ ልጅ፣ ለበድሪ ታጨች። ሐጂ ዓሊዩ በሂርና የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ቤት ነው፤ በድሪም የተመሰገነ ልጅ ነበር። ኩብራ ነገሩን ስትሰማ ቀና ብላ እንዳልተናገረች፣ ግን በዚያ ሳምንት ሱቁን ስትጠርግ ታንጎራጉር እንደነበር ጎረቤት ታዝቧል። ኒካሁ ከመኸር በኋላ ሊሆን ተቆረጠ።

ታዲያ ነገሩን ያበላሸው ጽዋ ነው።

ኃይለገብርኤል የገብርኤል ማኅበር አባል ነው፤ ማኅበሩን ያቋቋሙት አባቱ ናቸው። አባላቱ በየወሩ በገብርኤል ዕለት በተራ ይደግሳሉ። ጽዋውን የተረከበ ሰው ቤቱ ወስዶ ይሰቅለዋል፤ ጠላው የግድ እዚያው ቤት ተጠንስሶ እዚያው መድረስ አለበት፤ የዕለቱ ዕለት ደግሞ ባለቤቱ ቀድቶ በሁሉ ፊት መጀመሪያ ይቀምሳል። ተራው ሲደርስ ኃይለገብርኤል ራሴን አሞኛል ብሎ ከመረከቡ ቀረና ደስታነሽ ተቀበለችለት። እሷም የማኅበሩን አለቃ፣ ሙሴውን አቶ ዘገየን በጓሮ ጠርታ፣ ዘንድሮ በጠላ ፈንታ በብርዝ ብናሳልፈው ምን ይመስልዎታል ስትል ጠየቀች።

«አባቱ የመሠረቱትን ማኅበር በብርዝ?» አሉ አቶ ዘገየ። «የገብርኤል ጠላ ሰው አይጎዳም፣ ልጄ። ደግሞ ለአንድ ጉንጭ!»

አቶ ዘገየ ክፉ ሰው አይደሉም። በሕይወታቸው ሁለተኛ ብርጭቆ አሰኝቷቸው ስለማያውቅ ብቻ ነው እንዲህ ያሉት። አብዛኞቻችንም እንደሳቸው ነበር የምናስበው።

ደስታነሽ ጌሾውን ጠነሰሰች። በዚሁ ሰሞን ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ጎማ ተንሸራቶ የኃይለገብርኤል እግር ላይ ወደቀ። ሆስፒታል እግሩን ጠቅልለው፣ እንዳትረግጠው ብለው ወደ ቤቱ ላኩት። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲህ አልጋው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ጋኖቹ። ደስታነሽ ቀን ቀን የስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ትውላለች። ኃይለገብርኤል ጀርባውን ለጋኖቹ ሰጥቶ ይተኛል፤ ድፍድፉ ሲፈላ ግን ድምፅ አለው፣ እሱ ደግሞ ጆሮው ደህና ነበር።

ከሊል በመጀመሪያው ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ የዳማ ሰሌዳውን በብብቱ ሸጉጦ መጣ።

«አቦ፣ አንተ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለው ኃይለገብርኤል። «ሽታው አይታወቅህም?»

«ይታወቀኛል።»

«እንዴት ልትችለው ነው?»

«አንተ እንዴት ልትችለው ነው?» አለና ሰሌዳውን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘረጋ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄደ። አስር ሰግዶ ይገባል፤ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወጥቶ በቀጥታ መስጊድ ይሄዳል። ከድፍድፍ ጋር በአንድ ክፍል የተቀመጠ ሰው ጋቢው፣ ፀጉሩ፣ ጣቱ ሁሉ ጌሾ እንደሚሸት ልብ አላለም። ድሮ ሲጠጣ ይጠነቀቅ ነበር፤ አሁን ስላልጠጣ አልተጠነቀቀም። ቅርንፉድም አፉ ውስጥ የለም። የሰላት ሰልፉ ላይ ትከሻ ለትከሻ የገጠመው ሰው አፍንጫውን ነፋ። በማግስቱ ሌላው ነፋ። በሦስተኛው ቀን ከሊል ግራና ቀኙ ሰፊ ሆኖ አገኘው።

ከዚያ ወዲያ ወሬውን እኛ ተቀባበልነው። ከሊል ጠላ የሚጠነሰስበት ቤት በየቀኑ ይገባል። ከሊል ሰካራሙን ኃይለገብርኤልን ወዳጅ ያደረገው ለካ ለዚህ ነው። ያየ መሰከረ፣ ያላየም መሰከረ። ሰውየው ዓመታት ሙሉ ሲጠጣ ጻድቅ ያልነውን፣ በተወ በዓመቱ ሰካራም አልነው። ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ሂርና ለመድረስ ብዙም አልቆየም።

ሐጂ ዓሊዩ የመጡት የገብርኤል ዕለት ሊደርስ ሲል ነው። ሱቅ ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው፤ ኩብራ ሻይ አቅርባ ወደ ውስጥ ገባች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጫት ገበያው፣ ስለ ቤተሰቡ ጤንነት ተጠያየቁ። ከዚያ ሐጂ ዓሊዩ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ከሊል፣ እኔ ወሬውን ሰምቼ ልለፈው ብዬ ነበር። ሚስቴ አላሳልፍ አለችኝ። ስለዚህ ልጠይቅህ ነው፣ አትቀየመኝ። ትጠጣለህ?»

«ወላሂ ሐጂ፣ ያን ቤት ከረገጥኩ ጀምሮ ጠብታ አልቀመስኩም።»

ሐጂ ዓሊዩ ፊቱን ትኩር ብለው አዩትና ፊታቸው በራ።

«አምኜሃለሁ። አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ አንድ ነገር ብቻ፤ ያን ቤት ዳግመኛ አትርገጥ። ምን ሥራ እንዳለህ አልጠይቅህም። ሰው ሲጠይቀኝ፣ አይሄድም፣ ወሬ ነው እንድል ቃልህን ስጠኝ። ከዚያ ኒካሁን እናስራለን።»

ቀላል ነገር ነው የጠየቁት። ከሊል ግን አንገቱን ደፋ።

«እስከ ነገ ይታገሱኝ፣ ሐጂ» አለ።

ሐጂ ዓሊዩ ግራ ገባቸው። ቢሆንም ጨዋ ሰው ናቸው፤ እሺ ብለው ዘመድ ቤት ሊያድሩ ሄዱ።

ያን ቀን አስር ሰላት አለፈ፤ ከሊል ግን ከሱቁ አልተነሳም። ሲያስበው ልክ ነው። ድግሱ ደርሷል፤ ኃይለገብርኤል ሕፃን አይደለም፤ የቀሩትን ቀናት ብቻውን ቢችላቸውስ? ልጅ አባቷን አምና ተቀምጣለች። የሂርና ሰው ለአንድ ዳማ ተብሎ አይጣልም። ይህን ሁሉ ሲያሰላስል እጁ ከጠረጴዛው ሥር ቅርንፉድ ከሚቀመጥበት ጆንያ ውስጥ ገባ። አንዱን አንስቶ ወደ አፉ ጣለ። ጥርሱ ሲነክሰው ምላሱ የሚቀጥለውን ጠበቀ። ከሊል ደነገጠ። ዓመታት ሙሉ ከዚያ ቅርንፉድ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር አፉ አልረሳውም ነበር። ብድግ ብሎ ቅርንፉዱን መንገድ ላይ ተፋው፣ ሰሌዳውን ያዘ፣ ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ሄደ።

ኃይለገብርኤል አልጋው ላይ አልነበረም። የተጎዳ እግሩን እየጎተተ ከመጋረጃው ወዲያ ተሻግሯል። ጋኑን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ከግድግዳው ያወረደውን ጽዋ ሞልቶ ጉልበቱ ላይ ይዞታል። አልጠጣም። ግን ፊቱ የጠጣ ሰው ፊት ነበር።

«ዘገየህ» አለ።

«ዘገየሁ።»

«ደስታነሽ ለምሳ ስትመጣ ነገረችኝ። ከሂርና ሰው መጥቶብሃል። በእኔ ምክንያት የልጅህን ትዳር ልታፈርስ ነው? ሂድ አቦ። ሂድ፣ ቤትህ ግባ። እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልወድቅም፤ ወድቄያለሁ።»

ከሊል አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጽዋው መካከላቸው ነው። ድፍድፉ ጋኑ ውስጥ ይንጫጫል።

«አንተን ልጠብቅ ብቻ የምመጣ መስሎሃል?» አለ ከሊል። «ዛሬ ቅርንፉድ አፌ ውስጥ አገኘሁ። አልመጣም ባልኩበት ሰዓት ነው ያገኘሁት። ብቻዬን ሱቅ ከምቀመጥ እዚህ ከጋኑ ጎን ብቀመጥ ይሻለኛል። መጣብኝ፣ ኃይሌ። አሁን፣ ይኸው፣ መጣብኝ።»

ኃይለገብርኤል ጽዋውን አየ፣ ከሊልን አየ። በዚያች ቅጽበት ከሁለቱ ማን ማንን እንደሚይዝ አልተለየም ነበር። ከዚያ ኃይለገብርኤል እጁን ዘርግቶ በሩን ገፋ አደረገና ጽዋውን ደጅ ደፋው። መሬቱ ወዲያው መጠጠው።

«ተጫወት» አለ።

እዚያው መሬት ላይ ተጫወቱ። ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ አንዳቸውም አላስታወሱም፤ ይህ ከእነሱ ያልተለመደ ነው።

በማግስቱ ከሊል ሐጂ ዓሊዩን ባረፉበት ቤት ሄዶ አገኛቸው። የሆነውን ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ጠጪ ነበርኩ፣ ማንም ሳያውቅ ጠጣሁ፣ የተውኩት ከዚያ ሰውዬ ጋር ነው፣ አሁንም የምውለው ከሱ ጋር ነው፣ ያን ቤት አልረግጥም ብዬ ልምልልዎ አልችልም አላቸው። ሐጂ ዓሊዩ የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ።

«ይህን ባትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉ። አልተቆጡም፤ አዝነው ነው ያሉት። «ትላንት አምኜህ ነበር እኮ። አሁን እያወቅሁ ሰው ፊት ምን ልበል?»

«አላውቅም፣ ሐጂ።»

ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ፣ ከሊልን ጨብጠው ተሰናበቱት፣ በመጀመሪያው መኪና ሂርና ገቡ።

የገብርኤል ዕለት ማኅበርተኛው ሁሉ ኃይለገብርኤል ቤት ተሰበሰበ። ዱላ ተደግፎ ቆመ። ጽዋውን ቀድቶ ግንባሩን አስነካና፣ ሳይቀምስ ለደስታነሽ ሰጣት።

«እኔ ዛሬ አንድ ጉንጭ ብቀምስ ነገ ቦይ ውስጥ ነው የምታገኙኝ» አለ። «ገብርኤል ይህን ያውቃል። እናንተም ታውቃላችሁ፤ ያነሳችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

አቶ ዘገየ ከንፈራቸውን አጣመሙ። አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህ ጥሩ አይደለም አለ። ደስታነሽ ግን እጇ ሳይንቀጠቀጥ ቀመሰችና ለአቶ ዘገየ አቀበለቻቸው። የሚጠጣ ነገር እጁ የገባ ሰው ደግሞ ብዙ አይከራከርም። ጠላው ግሩም ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

ከሂርና መልስ የመጣው ከድግሱ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ተልከው መጡ፤ ሐጂ ዓሊዩ ሰላም ብለዋል፣ ነገሩ ግን አልሆነም፣ አላህ ለሁለቱም ልጆች ሌላ ይስጥ አሉ። ከሊል አሜን ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ የሱቁን የቆርቆሮ በር ከውስጥ ዘጋው። ገበያ ቀን ነበር። ከሊል በገበያ ቀን ሱቅ ዘግቶ ስለማያውቅ፣ መናኸሪያ ያለነው ሁሉ የሆነውን ወዲያው አወቅን።

አስር ሰላት ካለፈ በኋላ ኃይለገብርኤል በዱላው እያነከሰ ከታችኛው ሰፈር ወጣ። መንገዱ ዳገት ነው፤ እየቆመ ያርፋል። እዚያ ሲደርስ በሩን በዱላው መታ።

«የለሁም» አለ ከሊል ከውስጥ።

ኃይለገብርኤል አልሄደም። ደጃፉ ላይ የተገለበጠ ሣጥን አገኘና ተቀመጠ። ሰሌዳው ከውስጥ ስለሆነ በዱላው ጫፍ አፈር ላይ የዳማ ቤቶቹን ሠራ። ኪሱ ቆርኪ አያጣም፤ አውጥቶ ደረደረ። የከሊልንም ደረደረለት። ከዚያ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን፤ ጫት ሻጮቹ ሳይቀሩ መጣራት ትተው ያዩ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ። ከሊል ወጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ቀን አርጅቷል።

«መጣብኝ» አለ።

«ተጫወት።»

«አልችልም፣ ኃይሌ። ልጄን አዋረድኳት። አንተን ይዤ እሷን ጣልኳት። ምን አድርጋኝ? እንጀራ ጋግራ የምታበላኝ፣ ልብሴን የምታጥብልኝ ልጅ ናት። ለምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?»

ኃይለገብርኤል ወደ አፈሩ አጎነበሰ። ሕጉም መምከር ይከለክላል። አንዱን ቆርኪ አንስቶ መልሶ እዚያው አስቀመጠው።

በዚህ ጊዜ ኩብራ ከውስጥ ወጣች። በእጇ ሰማያዊውን በራድ ይዛለች፤ አቧራው ተጠርጎ፣ በአፉ እንፋሎት ይወጣል። ሁለት ብርጭቆ ከጎኑ አስቀመጠች። ከሊል በራዱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህን ማን አውርጂ አለሽ?»

«ሻይ ነው፣ አባ። እኔ ነኝ ያፈላሁት።»

ቀዳችላቸው። ከዚያ እንደ መሄድ ብላ ቆመች። ልጅቷ በሰው ፊት የምትናገር አልነበረችም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ ሁሉ እያያት መሆኑን የረሳች ትመስል ነበር።

«እናቴ ከሞተች ጀምሮ ይህን በራድ ማን ያጥበው የነበረ ይመስልሃል?» አለችው።

ከሊል ዓይኑን በራዱ ላይ ጣለ።

«ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው የጀመርኩት። በአመድ አሸዋለሁ፣ በሎሚ አሸዋለሁ፣ ሽታው አይለቅም። ጎረቤት መጥታ ሻይ ልቅዳ እንዳትል እደብቀው ነበር። አንተ መኢሶ ሄጄ ነው ብለህ ስትመለስ በራዱ አልሸተተም። በማግስቱም አልሸተተም። ከዚያ ጋሽ ኃይለገብርኤል ዳማ ሊጫወት መጣ። በየቀኑ ሲመጣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አልሐምዱሊላህ እል ነበር።» በራዱን ወደ አባቷ አስጠጋችው። «በድሪን እወደው ነበር፤ አልዋሽህም። ያሳዝነኛል። ግን ይህን በራድ ዳግመኛ በአመድ ከማሽ ሂርና ብትቀርብኝ ይሻለኛል።»

ወደ ውስጥ ገባች። መጋረጃው ከኋላዋ ተመለሰ።

ከሊል ብርጭቆውን አነሳ። ጥቂት ቆርኪዎቹ ላይ ፈሰሰ። ወደ አፉ አላደረሰውም፤ አፍንጫው ጋ አቁሞ አሸተተው። ኃይለገብርኤልም የራሱን አሸተተ። ሻይ ነበር፤ ሻይ ብቻ። ከሊል ያን ጊዜ፣ መናኸሪያ ሙሉ ሰው እያየው፣ ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ።